የእንግሊዝ አንደርግራውንድ ሂፕሆፕ ፕሮዲውሰሮችና ተጋባዥ ራፐሮቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእንግሊዝ ሂፕሆፕ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠራው ራፐሮቹን ነው። ቢቱን፣ ማለትም ራፐሩ ግጥሙን የሚያሰማበትን ሙዚቃ፣ የሚሠሩት ፕሮዲውሰሮች ብዙም አይታወቁም። አንደርግራውንድ የሚባለው ደግሞ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ የሚሠራው ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ይህን ሙዚቃ መስማት የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ አይዘፍንም፣ ራፕም አያደርግም። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?

ቢቱን ይሠራል። ከበሮውን ይመርጣል፣ ቤዙን ያስገባል፣ ከድሮ ሸክላ ላይ ትንሽ ድምፅ (ሳምፕል) ወስዶ እየቆረጠ ያገጣጥማል። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። የትኛው ራፐር በየትኛው ቢት ላይ ይግባ የሚለውን የሚወስነውም እሱ ነው።

እኛ አገር አልበም የሚወጣው በዘፋኙ ስም ነው። የአቀናባሪው ስም ካሴቱ ሽፋን ላይ በትንንሽ ፊደል ይሰፍራል። በዚህ ሙዚቃ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ፊት ለፊት የሚጻፈው የፕሮዲውሰሩ ስም ነው። ራፐሮቹ እንግዶች ናቸው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የለንደኑ ስኪትዝ ነው። በ2001 ያወጣው «ካንትሪማን» የተሰኘ አልበም ላይ ሩትስ ማኑቫ፣ ሮድኒ ፒ፣ ስኪኒማን እና ያኔ ገና ስሟ ያልገነነው ኤስቴል ተጋብዘዋል። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዱ እንደ ሰባኪ ያንጎራጉራል፣ ሌላው በጃማይካ ስልት ይጫወታል፣ ሌላው የሰፈሩን ችግር በፍጥነት ይዘረግፋል። ሆኖም አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ስትሰሙት ከአንድ ቤት የወጣ መሆኑ ያስታውቃል። የፕሮዲውሰር ሥራ ማለት ይኸው ነው።

አሜሪካውያን ራፐሮች ለምን የእንግሊዝ ቢት ይፈልጋሉ? አገራቸው በፕሮዲውሰር የተሞላ አይደለም እንዴ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ ልመልስ።

በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ራፐሮች ትልቁ ራስ ምታት አነጋገራቸው ነበር። ብዙዎቹ የኒውዮርክ ልጅ ለመምሰል ምላሳቸውን ያጣምሙ ነበር። በ1990 አልበማቸውን ያወጡት ለንደን ፖሲ የተባሉት የራፕ ቡድን አባላት ያንን ትተው እንደ ሰፈራቸው ልጆች፣ የለንደንን አነጋገር ከፓትዋ (ከጃማይካውያን አነጋገር) ጋር እያቀላቀሉ ራፕ አደረጉ። ለእንግሊዝ ትልቅ ነገር ነበር። አሜሪካዊው አድማጭ ግን ጆሮውን አልሰጠም። ለእሱ የለንደን አነጋገር ለረጅም ጊዜ እንግዳ ሆኖ ቆየ።

ከበሮ ግን አክሰንት የለውም። የእንግሊዝ ራፐር ድንበር ላይ ሲቆም፣ የእንግሊዝ ቢት ማንም ሳይጠይቀው አለፈ።

ፖል ዋይትን እንውሰድ። የደቡብ ለንደን ልጅ ነው። የዲትሮይቱ ዳኒ ብራውን በ2011 ባወጣው አልበም ላይ ቢቶቹ ተካተቱ። በ2016 ደግሞ «አትሮሲቲ ኤግዚቢሽን» ወጣ። በዚያ አልበም ውስጥ ካሉት 15 ሥራዎች አብዛኞቹን የሠራው ፖል ዋይት ነው። አልበሙ ይረብሻል፣ ያጨናንቃል፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ያሳጥራል። ከአሜሪካ ዋና ስቱዲዮዎች የሚወጣ ድምፅ አይደለም። ዳኒ ብራውን የፈለገውም ይህንኑ ይመስለኛል። አገሩ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢት ሲቀባበል፣ የተለየ ነገር የሚፈልግ ራፐር ባሕር ማዶ ይመለከታል።

ፖል ዋይት በአንድ ሰው አልቆመም። ከኩዊንሱ ሆምቦይ ሳንድማን፣ ከፍሎሪዳው ኤሪክ ቢዲንስ እና ከኦፕን ማይክ ኢግል ጋርም ሠርቷል። ከኢግል ጋር በ2016 ያወጡት ሙሉ አልበም በጣም ደስ ይላል፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለበት።

ቢቱ አልፎ ሰውየውም ተከትሎት የሄደበት ጊዜ አለ። ቢት ቡቸር እንግሊዛዊ ነው። ኑሮውን ወደ አሜሪካ አዛወረ። በ2019 የወጣውን የቡፋሎ ከተማ ራፐሮች የሆኑትን የግሪዜልዳን አልበም ከፕሮዲውሰሩ ዳሪንገር ጋር ሆኖ ሠራ። ያንን አልበም የሰማ ሰው ግማሹ የእንግሊዛዊ ሥራ ነው ብሎ አይጠረጥርም።

ይህ መተባበር መቼ ተጀመረ?

በደንብ የደራው ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። ኒንጃ ቱን በተባለው የለንደን ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) ሥር የነበሩት ሄርባላይዘሮች የተባሉት ቡድን በ1997 ባወጡት አልበም ላይ ዋት ዋት የምትባል ወጣት ራፐር ጋበዙ። ይህች ልጅ በኋላ ስሟን ጂን ግሬ ብላ ከአሜሪካ አንደርግራውንድ ምርጥ ግጥም ጸሐፊዎች አንዷ ሆነች። በ1999 ደግሞ የፊላደልፊያዋን ባሃማዲያን፣ ሩትስ ማኑቫን እና ብሌድን በአንድ አልበም ላይ ሰበሰቡ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የኤይም ታሪክ ነው። ባሮው ኢን ፈርነስ የሚባል ከተማ አለ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ጥግ ላይ ያለ፣ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚሠራበት ከተማ ነው። ከሂፕሆፕ ጋር ምን ያገናኘዋል ትላላችሁ። ኤይም የዚያ ከተማ ልጅ ነው። በማንቸስተሩ ግራንድ ሴንትራል ሌብል በኩል በ1999 «ኮልድ ዋተር ሚዩዚክ»ን አወጣ። ከእንግዶቹ መካከል የብሮንክሱ ኤ ጂ እና የኒው ጀርሲው ዋይ ዚ ነበሩበት። አልበሙ የቀዝቃዛ ባሕርና የደመና ስሜት አለው፤ እንግዶቹ ግን ልክ ሰፈራቸው እንዳሉ ሆነው ይራፓሉ።

ከዚያ ዲጄ ፎርማት መጣ። በ2003 የወጣው አልበሙ ላይ ጁራሲክ 5 ከተባለው የአሜሪካ ራፕ ቡድን ቻሊ ቱናን እና አኪልን፣ እንዲሁም የቶሮንቶውን አብዶሚናል ጋብዟል። ከባድ ነገር የለበትም። ለጭፈራና ለሳቅ የተሠራ ነው።

ይህ ግራይም ነው?

አይደለም። ግራይም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከምሥራቅ ለንደን የወጣ፣ በደቂቃ 140 ምት አካባቢ የሚሮጥ ሌላ ሙዚቃ ነው። እዚህ የምናወራው ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ ከ85 እስከ 95 ምት ስለሆነው፣ ከኒውዮርክ የ1990ዎቹ ድምፅ ስለተወለደው ሂፕሆፕ ነው። ሁለቱንም የሚሠሩ ሰዎች ግን አሉ።

ተጋባዡ ራፐር እንዴት ነው የሚገኘው? ይከፈለዋል?

መንገዱ ብዙ ነው። ራፐሩ ለኮንሰርት ለንደን ወይም ብራይተን ሲመጣ ከመድረክ ጀርባ ቢት የተጫነበት ፍላሽ ይሰጠዋል። በሁለቱም በኩል የሚታወቅ ዲጄ ያገናኛቸዋል። አሁን አሁን ደግሞ በኢንስታግራም በቀጥታ መልእክት መላክ የተለመደ ነው።

ክፍያው እንደ ሰዉ ይለያያል። ስም ያለው አሜሪካዊ ራፐር ለአንድ ቨርስ ዋጋ ይቆርጣል። ቨርስ ማለት ራፐሩ በአንድ ሥራ ላይ የሚያሰማው የግጥም ክፍል ነው፤ በተለምዶ 16 ባር፣ ማለትም 16 ያህል መስመር ነው። ገንዘቡን ቀድሞ ይቀበላል፣ ቀርጾ ድምፁን ብቻ ለይቶ ይልካል። ፕሮዲውሰሩ ያንን ወስዶ ቢቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው ላያውቁ ይችላሉ። የአንድ አገር ልጆች ሲሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘብ የለም። «ቢት ስጠኝ፣ ቨርስ እሰጥሃለሁ» ነው ነገሩ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። በገንዘብ የተገዛ ቨርስ ብዙ ጊዜ ቀሽም ነው። ራፐሩ ስለ ሥራው ምንነት ሳይነገረው ስለ ራሱ 16 ባር ጽፎ ይልካል። በማንኛውም ቢት ላይ ቢቀመጥ ለውጥ የለውም። ሽፋኑ ላይ 20 የእንግዳ ስም የተደረደረበት አልበም ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። ስሙ ይሸጣል፣ ሙዚቃው ግን የተበጣጠሰ ይሆናል። ስኪትዝን የሚለየው እንግዶቹ የራሱ ሰፈርና የራሱ ሰዎች መሆናቸው ነው።

ታዲያ የተሻለው መንገድ የቱ ነው?

አንድ ፕሮዲውሰር ከአንድ ራፐር ጋር ቁጭ ብሎ ሙሉ አልበም ሲሠራ። ታላላቆቹ ሥራዎች የተገኙት እንዲህ ነው።

ማርክ ቢ እና ብሌድን ስሙ። ብሌድ የአርመን ዘር ያለው የለንደን ራፐር ነው። በ1993 አድማጮቹ ገንዘብ ቀድመው ልከውለት ድርብ ሸክላ ያሳተመ ጉደኛ ሰው ነው፤ ያኔ ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚባል ነገር አልነበረም። በፖስታ ነው የሚላከው። ይህ ሰው ከፕሮዲውሰሩ ማርክ ቢ ጋር «ዘ አንኖውን» የተባለውን አልበም ሠራ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሥራ በ2001 የእንግሊዝ የሲንግል ሰንጠረዥ ላይ 23ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ለአንደርግራውንድ ሂፕሆፕ ይህ ትልቅ ድል ነበር። ማርክ ቢ በ2016 መጀመሪያ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ከበሮው ግን አሁንም ደረት ይመታል።

ሌላው ቼሞ ነው፤ ቴሌማከስ በሚል ስምም ይሠራል። ከራፐሩ ጃም ባክስተር ጋር ባንኮክ ሄደው «ማንሽን 38»ን ሠሩ። አልበሙ በ2017 ወጣ። ሙቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የሌሊቱ ከተማ ጫጫታ ሁሉ ውስጡ ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር ፋይል በመላላክ አይገኝም።

ከአንደርግራውንዱ ትንሽ ወጣ ብለን ካየን፣ ራፐሯ ሊትል ሲምዝና ፕሮዲውሰሯ ኢንፍሎም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። በ2021 ያወጡት አልበም በቀጣዩ ዓመት ለዓመቱ ምርጥ አልበም የሚሰጠውን የመርኩሪ ሽልማት ወሰደ።

ሳምፕሉን ከየት ያመጡታል? ፈቃድስ?

ከድሮ ሸክላ። እንግሊዞቹ እዚህ ላይ አንድ ዕድል አላቸው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ለንደን ውስጥ እንደ ኬፒኤምና ደ ዎልፍ ያሉ ድርጅቶች ለፊልምና ለቴሌቪዥን ማጀቢያ የሚሆን ሙዚቃ በገፍ ያስቀርጹ ነበር። ሱቅ የማይሸጥ፣ በምርጥ ሙዚቀኞች የተጫወተ ሙዚቃ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ ይህንን እንደ ወርቅ ይፈልጉታል። ፖል ዋይት ለዳኒ ብራውን የሠራው አንዱ ቢት የተገነባው በዴሊያ ደርቢሻየር ድምፅ ላይ ነው። ዴሊያ በቢቢሲ የድምፅ ቤተ ሙከራ ውስጥ በቴፕና በመቀስ ሙዚቃ ትሠራ የነበረች ሴት ናት።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በትንሽ ቁጥር የሚታተም ሥራ ብዙ ጊዜ ከባለመብት ዓይን ያመልጣል። ሥራው ሲገንን ነው ጠበቃ የሚደውለው። ስለዚህ ብዙዎች አሁን ራሳቸው ተጫውተው ይቀርጹና የድሮ ያስመስሉታል።

አሜሪካ ውስጥ አንድን ሬዲዮ ያስቀጣው ዘፈን የእንግሊዝ ቢት ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ዲጄ ቫዲም ሩሲያ ተወልዶ ለንደን ያደገ ፕሮዲውሰር ነው። ገጣሚዋና ተዋናይቷ ሳራ ጆንስ «ዩር ሬቮሉሽን» የተሰኘ ግጥሟን በእሱ ቢት ላይ አነበበች። ግጥሙ ሴቶችን የሚያዋርዱ የራፕ ስንኞችን እየጠቀሰ መልሶ የሚነቅፍ ነው። ኬቡ የተባለ የፖርትላንድ ከተማ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አጫወተው። በ2001 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጸያፍ ነው ብሎ ጣቢያውን 7,000 ዶላር ቀጣ። ብልግናን የሚቃወም ግጥም በብልግና ተከሰሰ እንግዲህ። ጆንስ ኮሚሽኑን ፍርድ ቤት ከሰሰች። በ2003 ውሳኔው ተሻረ።

ኤም ኤፍ ዱም እንግሊዛዊ ነው ወይስ አሜሪካዊ?

ራፐሩ ዱም በ1971 ለንደን ተወለደ፣ ኒውዮርክ አደገ። የአሜሪካ ዜግነት አልነበረውም። በ2010 ለኮንሰርት አውሮፓ ወጥቶ ሲመለስ አሜሪካ መግባት ተከለከለ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ቀረ። በጥቅምት 2020 መጨረሻ ሊድስ ከተማ ውስጥ አረፈ። ዜናው የተሰማው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር።

ከእንግሊዝ ፕሮዲውሰሮች ጋር የሠራው ግን ከዚያም በፊት ነው። በ2002 የሄርባላይዘሮች እንግዳ ነበር። እዚያው ከቀረ በኋላ በ2012 ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ጀኒሮ ጃሬል ጋር በለንደኑ ሌክስ ሌብል በኩል አልበም አወጣ። በዚያ አልበም ላይ ከእንግዶቹ መካከል እንግሊዞች ነበሩ፤ ዴመን አልባርንና ቤት ጊበንስ አሉበት። ካረፈ በኋላ ደግሞ በ2022 የበርሚንግሃሙ ሶኒጂምና ፕሮዲውሰሩ ፒዩሪስት ባወጡት አልበም ላይ ከጄይ ኤሌክትሮኒካ ጋር ተሰማ።

የተገላቢጦሹስ? አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ለእንግሊዝ ራፐሮች ሠርቶ ያውቃል?

አዎ። ትልቁ ምሳሌ ዲጄ ፕሪሚየር ነው። በ2015 ለእንግሊዞቹ የራፕ ቡድን ለፎር አውልስ «ቲንክ ትዋይስ»ን ሠራላቸው። ፎር አውልስ አራት ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሊፍ ዶግ ራሱ ጎበዝ ፕሮዲውሰር ነው፣ ሌላው ፍሊፕትሪክስ ሃይ ፎከስ የተባለውን ሌብል በ2010 የመሠረተው ሰው ነው። የፕሪሚየር ቡድን የሆነው የጋንግ ስታር ደጋፊ ሆኖ ላደገ የእንግሊዝ ልጅ፣ ፕሪሚየር ሸክላ ሲቧጭርለት መስማት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ራግ ኤንድ ቦን ማን ከራፐሮች ጋር ነበር የሚባለውስ?

ነበር። በ2016 «ሂውማን» በሚለው ዘፈን ዓለም ሳያውቀው በፊት ብራይተን ውስጥ ረም ኮሚቲ ከተባለ የራፕ ቡድን ጋር ነበር። ከሊፍ ዶግ ጋርም በ2013 አጠር ያለ አልበም ሠርቷል። ፈልጋችሁ ስሙት፤ ያ ድምፅ በሻካራ ከበሮ ላይ ሌላ ነው።

ሸክላው ለምን ያን ያህል ይወደዳል? ዋጋውስ ለምን ይሰቀላል?

የሚታተመው ጥቂት ስለሆነ ነው። የፒዩሪስት ሌብል የሆነው ዶፕ የግሪዜልዳ ራፐሮችን የዌስትሳይድ ገንንና የኮንዌይን ሥራዎች በሸክላ አሳትሟል። ብዙ ጊዜ ለሽያጭ በቀረበበት ቀን ያልቃል። ከዚያ ነጋዴው እጥፍ እያደረገ ይሸጠዋል። ይህ ነገር ደስ አይለኝም። ሙዚቃ ሳይሰማ በላስቲክ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ምኑ ነው ሙዚቃ? ግን ለአርቲስቱ ከኦንላይን ስትሪሚንግ ሳንቲም እጅግ የተሻለ ገቢ እንደሚያመጣ መካድ አይቻልም። ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የሚሸጥ ሸክላ ከሆነ ድርጅቱ የሚወስደው 10 በመቶ ነው፤ የክፍያ ወጪና ማሳተሚያው ሲቀነስ የቀረው የሠሪው ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በቀጥታ ትንሽ፣ በተዘዋዋሪ ብዙ። ሙላቱ አስታጥቄ የተማረው ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ነው። በ2009 ደግሞ እዚያው ለንደን ካሉት ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር አልበም አወጣ። የሄሊዮሴንትሪክስ መሪ ከበሮ መቺው ማልኮም ካቶ ነው። ባንዱ ሳምፕል ከመውሰድ ይልቅ ሳምፕል የሚመስል ሙዚቃ በቀጥታ የሚጫወት ስለሆነ የሂፕሆፕ ሰዎች በጣም ይወዱታል። የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ከወጡ ጀምሮ የእኛ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ ፕሮዲውሰሮች እጅ ገብቷል። አንዳንዱ አሪፍ አድርጎ ይጠቀምበታል። አንዳንዱ የሳክስፎን ዜማ እንዳለ ወስዶ ከበሮ ይደርብበትና ጨረስኩ ይላል።

በራፕ በኩል፣ የካምደኑ አዋቴ የኤርትራውያን ልጅ ነው። በ2018 የወጣው አልበሙ በአንድ ፕሮዲውሰር፣ በተርኪሽ ዲሳይፋ የተሠራ ነው። ስደትና የለንደን ኑሮ አለበት፤ ሐበሻ ጆሮ ቶሎ ይገባዋል።

አዲስ ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

ከኤይም ጀምሩ፤ ገር ነው። ቀጥላችሁ «ካንትሪማን»ን ስሙ። ከዚያ ሊዊስ ፓርከር። የካንተርበሪ ልጅ ነው፣ ራሱ ቢት ሠርቶ ራሱ ራፕ ያደርጋል፣ የ1998 ሥራውን ያወጣለት የማሲቭ አታክ ሌብል ነው። ጭር ያለ ሌሊት ላይ የሚሰማ ሙዚቃ ነው። «አትሮሲቲ ኤግዚቢሽን»ን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ጆሮ ሳይለምድ ከሰሙት ያስበረግጋል።

እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ቢት እሠራለሁ። ለውጭ ራፐር ብልክ ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ፣ ሙሉ ፋይሉን አትላኩ። ለመስማት የሚሆን፣ መሐል መሐሉ ላይ ስማችሁ የሚሰማበት ቅጂ ላኩ። ሰውየው ከወደደው በኋላ ክፍፍሉን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ከግጥምና ዜማው ለማን ስንት በመቶ፣ ከቅጂው መብት ለማን ስንት እንደሆነ ይለይ። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያውን ፒአርኤስ፣ ሁለተኛውን ፒፒኤል የተባሉ ተቋማት ይሰበስባሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ የያዙትን ፋይሎች ላኩ። 10 ቢት አንድ ላይ ከመላክ ለዚያ ሰው ድምፅ የሚሆን 2 መርጦ መላክ ይሻላል። ብዙ የሚልክ ሰው አይከፈትለትም።